መጠየቅና መጠያየቅ፦ ክርስቲያናዊ ነጻነት በማኅበር መካከል

በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የምንውል ሰዎች ሁለት አባባሎችን ደጋግመን እንሰማለን። አንደኛው «እኔ የምጠየቀው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ሰው ምን አገባው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እኛ እያለን በዚህ ደብር እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ከወጣት፣ ሁለተኛው ከሽማግሌ አፍ ይወጣል፤ ሆኖም አንዱ ሰው ለራሱ ጉዳይ የመጀመሪያውን፣ ለጎረቤቱ ጉዳይ ሁለተኛውን ሲናገር መስማትም የተለመደ ነው። ሁለቱም መነሻቸው ቅዱስ መጽሐፍ ነው። እያንዳንዳችን ስለ ራሳችን ለእግዚአብሔር መልስ እንደምንሰጥ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 14 ጽፏል፤ እርስ በርስ መተራረምና መመካከር እንደሚገባንም ያው ሐዋርያ በብዙ ቦታ አስተምሯል። ታዲያ ሁለቱ እንዴት አብረው ይኖራሉ? ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ይህንኑ ነው።

አስቀድሞ ነጻነት የሚለውን ነገር እንመልከት። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በገላትያ መልእክት የምናገኘው ቃል «አርነት» ነው። አርነት በዛሬ ንግግራችን ነጻነት ከምንለው ጠበብ ያለ፣ ነገር ግን ጠንካራ ትርጉም አለው፤ የቀድሞ ሰዎች «ባሪያውን አርነት አወጣው» ሲሉ ሌላ ሰው ያዝዘው የነበረው ሰው ከዚያ እዝ መውጣቱን ይናገራሉ። የገላትያ ጉዳይም ይኸው ነበር። ከአሕዛብ ወገን በክርስቶስ ያመኑ ሰዎች ካልተገረዙና የሙሴን ሕግ ካልጠበቁ አይድኑም የሚሉ መምህራን መጥተው ነበርና ጳውሎስ አጥብቆ ተቃወማቸው። በእኛ አገር ግዝረት ልማድ ስለ ሆነ ይህ ክርክር ለአንባቢያችን ግራ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩን ግን ዐፄ ገላውዴዎስ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ፈትተውታል፤ እኛ የምንገረዘው እንደ አገራችን ልማድ ነው እንጂ እንደ አይሁድ ሥርዓት አይደለም ብለዋል። ሐዋርያው የተቃወመውም ልማዱን ሳይሆን፣ ልማዱ የመዳን ዋጋ ተደርጎ በሰው ጫንቃ ላይ መጫኑን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ጳውሎስ ከባርነት ስለ መውጣት ሲጽፍ፣ የወጣው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሳይናገር አልተወውም። በገላትያ ምዕራፍ 4 «ከእንግዲህ ወዲህ ባሪያ አይደለህም፣ ልጅ ነህ» ይላል። አርነት የወጣው ሰው ሜዳ ላይ ብቻውን አልቀረም፤ ልጅ ሆኖ ወደ ቤት ገብቷል። ልጅ ደግሞ በቤቱ ነጻ ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ሳይለምን ይበላል፣ ሲያጠፋ እንደ ባሪያ አይሸጥም። ነገር ግን «የት አመሸህ?» ይባላል። ይህን የሚለው ሌላ ሰው ቢሆን ድፍረት በሆነ ነበር፤ እናት ስትለው ግን ማንም ነጻነቱ እንደ ተነካ አይቆጥረውም። ክርስቲያናዊ ነጻነትንና በማኅበር መጠየቅን እንደ ሚዛን ሁለት ሳሕን አድርገን አንዱ ሲከብድ ሌላው ይቀልላል ብለን ካሰብን ከመጀመሪያው ተሳስተናል። ሐዋርያው በምዕራፍ 5 ለአርነት ተጠርታችኋል ባለበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው በፍቅር እርስ በርሳችሁ እንደ ባሪያዎች ሁኑ ያለው፤ ትእዛዙ የአርነቱ መልክ ሆኖ መጣ እንጂ ለአርነቱ ልጓም ሊሆን አልመጣም።

ነገር ግን ማኅበር ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ምን ነው? ችግሩ በአብዛኛው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ምሳሌውንም ከቆሮንቶስ እንውሰድ። በዚያች ከተማ ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ በገበያ ይሸጥ ነበር። አንዳንዱ ምእመን ጣዖት ከንቱ ነው፣ ሥጋው ሥጋ ነው ብሎ ገዝቶ ይበላል፤ ሌላው ግን ትናንት ለዚያው ጣዖት ይሰግድ የነበረ ስለ ሆነ፣ ሥጋውን ሲያይ የቀድሞ ሕይወቱ ይመጣበታል፣ ኅሊናውም ይቆስላል። ሥጋው በማን እጅ ታረደ የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ክርክር ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ጳውሎስ በእውቀቱ በኩል ከሚበላው ጋር ይስማማል፤ ጣዖት ምንም አይደለም። በፍርዱ ግን መብታችሁ ለደካሞች ዕንቅፋት እንዳይሆን ተጠንቀቁ ይላል፤ ራሱም ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ ለዘላለም እንደማይበላ ይናገራል።

ይህን ቃል በሁለት መንገድ ማበላሸት ይቻላል። አንደኛው «ሁሉ ተፈቅዶልኛል» የሚለውን ብቻ ይዞ «ሁሉ ግን የሚያንጽ አይደለም» የሚለውን መተው ነው። ሁለተኛው ግን በእኛ ዘንድ የበለጠ የተለመደ ይመስለኛል፤ ይኸውም ያልወደዱትን ነገር ሁሉ «ተሰናከልሁበት» ብሎ መከልከል ነው። በሐዋርያው አነጋገር መሰናከል ማለት ደካማው ሰው ኅሊናው እየከለከለው የሌላውን አይቶ ወደ ኃጢአት መግባቱ ነው፤ ሃምሳ ዓመት የቆረበ ሽማግሌ የአንዲት ልጅ የነጠላ አለባበስ ስላላማረው መቆጣቱ መሰናከል አይደለም፣ ቅሬታ ነው። ቅሬታም ይነገራል፤ የሚነገረው ግን ቅሬታ ተብሎ ነው። ሮሜ 14 ደግሞ አንዱ ቀንን ከቀን የሚለይ፣ አንዱ ሁሉን እኩል የሚያይ፣ አንዱ የሚበላ፣ አንዱ የማይበላ ሰዎች በአንድ ቤት መኖራቸውን አይቶ፣ የሚበላው የማይበላውን አይናቀው፣ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ ሲል፣ ለሁለቱም የተለያየ ፈተና እንዳለባቸው ያሳያል። ነጻ ነኝ የሚለው የሚፈተነው በንቀት ነው፣ ጠንቃቃ ነኝ የሚለው ደግሞ በፍርድ።

ስለዚህ በግልጽ የታዘዘውንና ለኅሊና የተተወውን መለየት ያስፈልጋል። ዝሙት፣ ስርቆት፣ ሐሰት፣ ድሀን መበደል፣ በወንድም ላይ ቂም መያዝ ማኅበሩ ዝም ሊላቸው የማይችል ጉዳዮች ናቸው። የአንድ ሰው የጸሎት ብዛት፣ የስግደቱ ቁጥር፣ ከሕመሙ ጋር እንዴት እንደሚጾም፣ ልጁን ምን እንደሚያስተምር ግን ለኅሊናውና ለንስሐ አባቱ የተተወ ነው። በጎንደር ለዚህ ልዩነት እንግዶች መሆን አልነበረብንም። ከተማችን የአንድምታ ትርጓሜ ያበበባት ናት፤ በየጉባኤ ቤቱ የኔታ አንዱን ቃል ይፈቱና «አንድም» ብለው ሌላ ፍች ይጨምራሉ፣ እንደገናም «አንድም» ይላሉ። ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች በብዙ ቦታ የተለያየ ፍች ይዘው አብረው ኖረዋል። ተማሪው ግን «አንድም» ብሎ የመሰለውን ከልቡ አያወጣም፤ ከመምህሩ የተቀበለውን ይናገራል፣ ሲስትም እዚያው ይታረማል። የፍች ስፋትና ለመምህር መታዘዝ በአንድ ወንበር ሥር ሲኖሩ ለዘመናት አይተናል።

ኅሊና በኃይል ሲገፋ ምን እንደሚሆንም ይህ አገር አይቷል። በ1618 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ለሮም ጳጳስ መታዘዛቸውን በአደባባይ በመሐላ አረጋገጡ፤ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ሥርዓቱም በላቲን ሥርዓት እንዲለወጥ ታዘዘ። ዐመፁና ደም መፋሰሱ እየበዛ ሄዶ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ በአዋጅ ፈቅደው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጉት ከዚህ በኋላ በ1628 ዓ.ም. ነው፤ ከተማይቱ የተመሠረተችው የዚያ ቁስል ሳይደርቅ ነው ማለት ይቻላል። ታሪኩን የምናወራው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ አቁመን ነው። ቀጥሎ ግን የካቶሊክ መምህራኑ ተባረዋል፣ እምነታቸውን አንለውጥም ያሉ ኢትዮጵያውያንም መከራ ደርሶባቸዋል። በተገፋ ጊዜ የኅሊናን ዋጋ ያወቀ ወገን ሥልጣን ሲያገኝ ያንኑ ዋጋ ለሌላው መስጠት እንደሚከብደው ይህ ሁለተኛው ክፍል ያሳያል፤ ስለዚህም ሳይቆረጥ ቢተረክ እወዳለሁ።

አሁን ወደ ዕለታዊው ኑሮ ልመለስ። በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ጽዋ የምንጠጣ ማኅበርተኞች ነን፤ ተራው የደረሰው ጠላውንና ዳቦውን አዘጋጅቶ በቤቱ ይቀበለናል፣ ካህኑ ይባርካሉ፣ ሙሴ የምንለው የማኅበሩ መሪ መዝገቡን ይዞ የቀረውንና ያረፈደውን ይመዘግባል፣ ስንወጣም ጽዋው ለሚቀጥለው ባለ ተራ ይሰጣል። በአንድ የዐቢይ ጾም ወቅት አንዲት እኅታችን ሁለት ወር ተከታትላ ቀረች። መዝገቡ ላይ ቅጣት ተጻፈባት። ከዚያም አንዱ በጾሙ ጠዋት ሻይ ቤት ተቀምጣ ስትበላ እንዳያት ተናገረ፤ ሌላው «በርዳለች» አለ፤ እኔም የማውቀው ነገር ሳይኖር ራሴን ነቀነቅሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ መነቅነቅ ነው።

ከመካከላችን አንዲት እናት ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ነጠላቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከቅዳሜ ገበያ በላይ እስካለው ቤቷ ዳገቱን ወጡ። እንደ ነገሩኝ ሲገቡ ያሏት ይህን ብቻ ነው፤ «እቴ፣ ምነው ጠፋሽብን? አመመሽ ወይ?» እርሷም ስኳር እንደ ተገኘባት፣ መድኃኒቱን በጠዋት ከምግብ ጋር እንድትወስድ እንደ ታዘዘች፣ የንስሐ አባቷም ከቅዳሴ በፊት የጾም ምግብ ቀምሳ መድኃኒቷን እንድትወስድ እንደ ፈቀዱላት ነገረቻቸው። «ታዲያ ለምን ቀረሽ?» ሲሏት «ዓይናችሁን ፈርቼ ነው እማማ» አለች። እኚያ እናት ከመውጣታቸው በፊት «ልንገርልሽ ወይስ ይቅር?» ብለው ጠየቋት፤ ንገሩልኝ ስላለች በሚቀጥለው ወር ነገሩን። ሲጨርሱ «ሳንጠይቃት ፈረድንባት» አሉ። ሙሴው ብዕሩን አውጥቶ ቅጣቱን ሰረዘው።

የቀደመው የሕግ መጽሐፋችን ፍትሐ ነገሥቱ የታመመ ሰው ከጾም ግዴታ እንደሚቀልለት ይደነግጋል፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ያፈረሰችው ሕግ አልነበረም። እኔን የገረመኝ ግን እኚያ እናት «ሳንጠይቃት» ያሉት ቃል ነው። በአማርኛ መጠየቅ ሁለት ነገር ነው። ዳኛ ተከሳሽን ይጠይቃል፤ ጎረቤትም የታመመ ይጠይቃል። ጌታ በማቴዎስ 25 በፍርድ ቀን ከሚዘረዝራቸው መካከል ታምሞ መጠየቁ አንዱ ነው። ተጠያቂነት የሚለውን ቃል ከመሥሪያ ቤት አምጥተን በቤተ ክርስቲያን ስንጠቀምበት የምናስታውሰው የዳኛውን መጠየቅ ብቻ ነው፤ በክርስቲያን ማኅበር ግን ሁለቱ አይለያዩም፤ የሚቀድመውም የጎረቤቱ ነው። ቤቷ ድረስ ሄዶ ያልጠየቃት ሰው በጉባኤ ሊጠይቃት አይችልም። ብንጠይቃት ኖሮ ደግሞ ጥፋት ቢኖርም እንኳ ጥፋቱን የምንሰማው ከራሷ አፍ ነበር።

በማቴዎስ 18 የተቀመጠው ሥርዓትም በዚህ መንገድ የሚሄድ ነው። ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ይላል፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምር፣ እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር ይላል። እኛ ዘንድ ይህ ተገልብጦ ይሠራል፤ መጀመሪያ ጎረቤት ይሰማል፣ ከዚያ ማኅበሩ፣ ከዚያ ደብሩ፣ በመጨረሻም ባለቤቱ ከሌላ ሰው ይሰማዋል። በፊቱ ዝም ብለን በኋላው መናገራችንን ይሉኝታ እንለዋለን፤ ስሙ ግን ሐሜት ነው። ምእመናንን በይበልጥ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያስቀረው ተግሣጽ ይመስለን ይሆናል፤ እኔ ባየሁት ግን ብዙዎችን ያራቀው ተግሣጽ ሳይሆን ሳይገሠጹ መታማታቸው ነው።

የንስሐ አባትና የንስሐ ልጅ ግንኙነትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የተናዘዘው ነገር ምስጢር ነው፤ ካህኑ ለማንም አይናገርም። የሚሰጠው ቀኖና፣ ጾምም ይሁን ስግደት ወይም ምጽዋት፣ እንደ ሰውየው አቅምና ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው እንጂ የአንዱ ለሌላው የሚለካ ቅጣት አይደለም። ስለዚህ «ለእርሱ ይህን ያህል ሰጡት፣ ለእኔ ይህን» እያሉ ማነጻጸር የሌላውን ሰው የሐኪም ማዘዣ መዋጥ ነው። ካህኑ ራሱም የንስሐ አባት አለው፤ ከመጠየቅ ውጭ የሆነ ሰው በቤተ ክርስቲያን የለም።

ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም እርስ በርስ መጠያየቅ ብለን የምንጠራው ነገር ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሲሄድ ይታያል። በአንጾኪያ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወንድሞች ጋር ይበላ ነበርና ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ተለየ፤ ጳውሎስም ፊት ለፊት ተቃወመው፤ ይህንንም በገላትያ ምዕራፍ 2 ጽፎልናል። የሐዋርያት አለቃ በታናሹ ታረመ። ነቢዩ ናታን ዳዊትን «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለው በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው። ለመሪዎቻችሁ ታዘዙ የሚለው የዕብራውያን 13 ቃል ሲነበብ ደግሞ መካከሉ ይዘለላል፤ መሪዎቹ ስለ ነፍሳችሁ የሚተጉት ስሌትን እንደሚሰጡ ሰዎች ሆነው ነው ይላልና። የመታዘዙ ትእዛዝ የተሰጠው ሒሳብ ለሚጠየቅ መሪ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ጳውሎስ ከዚህም አጥብቆ ሄዷል። ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈን በማለት አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲሄድ አደረገ፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ብሎም በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ጻፈ። ሐዋርያው «እኔ የምጠየቀው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። በቤተ ክርስቲያናችን በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዐዋዲ የተባለው መተዳደሪያ ደንብ የሰበካ ጉባኤን ሲያቋቁም ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ጉባኤ ማስቀመጡ ከዚህ ሐሳብ ጋር የሚሄድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የገቢና የወጪ ሒሳብ ሲነበብ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ የጣሪያ ወጪ ደረሰኝ አለው ወይ?» ቢል ደፋር ተብሎ ሊታይ አይገባም። እርሱም ቢሆን እጁን ሲያወጣ የሚጠይቀው ስለ ጣሪያው እንጂ አስቀድሞ ሌባ ብሎ ስለ ፈረደበት ሰው እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት። በወንጌላውያን ጉባኤያትም የሽማግሌዎች አመራር ባለበት ቦታ ጥያቄው ያው ነው፤ የመዋቅሩ ስም ይለያያል፣ ከጥያቄ በላይ የሆነ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ግን አይለያይም።

በገላትያ ምዕራፍ 6 አንባቢን የሚያደናግር ነገር አለ። በቁጥር 2 አንዱ የሌላውን ከባድ ሸክም ይሸከም ይላል፤ በቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ሸክም ይሸከማል ይላል። በግሪኩ ሁለቱ ሸክሞች በተለያየ ቃል የተጻፉ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሰውን የሚያጎብጥ ክብደት ሲሆን ሁለተኛው እያንዳንዱ መንገደኛ በትከሻው የሚይዘው ስንቅ ዓይነት ነው። ለሌላው ሰው ውሳኔውን አልወስንለትም፣ ንስሐውንም አልገባለትም፤ ሲያጎብጠው ግን ከጎኑ እገባለሁ። አንደኛውን ከሁለተኛው ያልለየ ማኅበር ወይ የሰውን ስንቅ ይነጥቃል፣ ወይ ወድቆ ሲያይ «የራሱ ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፋል።

የማይሰማው ሰውስ? ማቴዎስ 18 እንደ አረመኔና እንደ ቀራጭ ይሁንልህ ይላል። ይህን ቃል የጻፈልን ማቴዎስ ራሱ ቀራጭ እንደ ነበረና ጌታ ከቀረጥ መቀበያው ጠርቶት በቤቱ እንደ በላ ማስታወስ ያስፈልጋል። መለየት አለ፤ ከቁርባን መከልከልም አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የተለየው ሰው የሚጠበቅ ሰው ነው። በቆሮንቶስ የተቀጣውን ሰው በተመለከተ ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ በብዙዎች የደረሰበት ቅጣት እንደሚበቃው፣ ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥም ይቅር እንዲሉትና እንዲያጽናኑት ጽፎላቸዋል። ቅጣት ልክ እንዳለው ኀዘንም ልክ አለው፤ ልኩን የሚጠብቁትም የቀጡት ሰዎች ናቸው።

በእኛ ማኅበር የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ አይጠጡም። ሁለት ወንድማማቾች በርስት ተጣልተው አንደኛው ለዓመት ያህል ከማኅበሩ ርቆ ነበር። በተመለሰ ዕለት ካህኑ በመካከላቸው ቆመው «ይቅር ለእግዚአብሔር» አባባሏቸው፣ ታናሹ የታላቁን ጉልበት ሳመ፣ ጽዋው ዞረ። ከዚያ በኋላ ሙሴው መዝገቡን ሲገልጥ የተመለሰውን ሰው ከመጨረሻው መሥመር እንዲጽፈው አንድ ሰው ሐሳብ አቀረበ፤ ያቺ ስኳር ያለባት እኅታችን «የድሮ ተራው የት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ከእርሷ ቀጥሎ ነበር፤ እዚያው ተጻፈ፤ ሰኔ 21 እርሱ ዘንድ ጠጣን።